እያሰበች የምታነሳ ካሜራ

ንጋት 12፡00፣ አርባ ምንጭ

የጨንቻው ሚኒባስ ሳይሞላ ደረስን። እኔ ካሜራዬን ታቅፌ ጋቢና ገባሁ፤ ባለቤቴ ታደለች ከኋላ የሙዝ ካርቶን ይዛለች። ዶርዜ፣ ወላጆቿ ዘንድ እየሄድን ነው። አማቶቼ አርባ ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድም የጋራ ፎቶ የላቸውም። ስቱዲዮ አልሄድም ያሉትን አማቴን "ቤትዎ መጥቼ አነሳችኋለሁ" ብዬ ያሳመንኩት እኔው ነኝ። ካሜራዋን ከገዛሁ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው።

"የማስተማሪያ ቪዲዮውን ጨረስከው?" አለች ታደለች።

"ግማሹን።"

ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ ሳቀ።

1፡15፣ ዳገቱ ላይ

ሾፌሩ ሞተሩን ሊያበርድ ቆመ። ከታች ዓባያና ጫሞ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ። አነጣጥሬ ተጫንኩ። ጢጥ ጢጥ አለች እንጂ አላነሳችም። ምን ሆነች ብዬ ዝቅ ሳደርጋት ቀጭ! ስክሪኑ ላይ ጫማዬ። ሦስቴ ሞከርኩ፤ ሦስት ጫማ።

"ጥራቱ ግን አሪፍ ነው" አለኝ ሾፌሩ።

3፡00፣ ዶርዜ

አማቴ አባባ ሻንቆ ከሽመናቸው ተነስተው፣ ራሳቸው የሠሩትን ባለቀይና ቢጫ ጥለት ጋቢ ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆሙ። እማማ ከጎናቸው፣ በመሃላቸው ሌላ ሰው የሚያስቆም ክፍተት ትተው። አባባ ትንፋሻቸውን ያዙ። ተጫንኩ። ጢጥ ጢጥ። ዝቅ ሳደርጋት ቀጭ፤ የእንሰት ቅጠል። ደገምኩ፤ ዶሮ። ደገምኩ፤ ጫማዬ።

"ልጄ፣ አላለቀም?" አሉ አባባ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

"እያሰበች ነው አባባ።"

"እኔ አንድ ጋቢ ስሠራ ይሄን ያህል አላስብም።"

ስድስተኛው ላይ "ሥራ አለብኝ" ብለው ሊገቡ ሆነ። በጣም አፈርኩ። ያንን ሁሉ ጉራ የነፋሁት እኔ ነኝ። "አንድ የመጨረሻ" ብዬ ለመንኩ። ተጫንኩ፤ ያው ጢጥ ጢጥ። ተስፋ ቆርጬ፣ ወደ እነሱ እንደዞረች የሙዙ ካርቶን ላይ አስቀመጥኳትና ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ደጅ የታሰረውን በግ ገመድ አላየሁትም። ተዘረርኩ።

እማማ በሳቅ ሲወድቁ የአባባን ክንድ ያዙ። አባባም፣ ስንት ዓመት ሳውቃቸው ጥርሳቸውን አይቼ የማላውቀው ሰውዬ፣ እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ። ቀጭ አለ።

ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ተቃቅፈው ይስቃሉ። ከታች ጥግ ላይ የእኔ ጫማ።

"ጫማውን ቆርጬ አወጣዋለሁ" አልኩ።

"ይኑር" አሉ እማማ። "እሱ ነው ያሳቀን።"

10፡00፣ መመለሻ

ሆዳችን በቆጮና በሚያቃጥለው ዳጣ ሞልቷል። ታደለች የቪዲዮውን ሁለተኛ ግማሽ በስልኳ አይታ ጨረሰች።

"ከተጫንክ በኋላ አሥር ሰከንድ ቆይታ እንድታነሳ አድርገሃት ነበር" አለችኝ። "ላጥፋው?"

"ተይው" አልኳት። "እኔ ሳነሳ ጫማ ነው የሚወጣው፤ እሷ ስታነሳ አባባ ሳቁ።"