ግቢ ያወጣሁት አልጋ

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። እናቴም ሳልነግራት ሞተች። ከሱቄ ጎን ሱቅ ያላት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሚስጥሬን ሳካፍላት የኖርኩት ጓደኛዬም አታውቀውም። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። መጀመሪያ የምነግረው ለእናንተ ነው፤ ለማያውቁኝ ሰዎች መናገር ቀላል መሆኑም አይጠፋኝም። ስለዚህ ደፋር ናት እንዳትሉኝ።

የምኖረው ድሬዳዋ ነው። መጋላ ገበያ ውስጥ ድሪያ የሚባለውን የሴት ቀሚስና ሽርጥ እሸጣለሁ። ባሌ ዓብዲ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ስንጋባ ልጅ ወዲያው የሚመጣ መስሎን ነበር። አልመጣም። ሐኪም ጋም ሄድን፣ ሼኽ ጋም ሄድን፣ ዝም ብለንም ጠበቅን። በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት ወላጅ ያጡ ልጆችን በአደራ የሚያሳድግ ቤተሰብ ይፈለጋል ሲባል ዓብዲ ሰማ። "እንመዝገብ" አለኝ፤ ተመዘገብን።

የነገሩን ስለ ሁለት እህትማማቾች ነው። ጀልዴሳ አካባቢ የተወለዱ ናቸው፤ እናታቸው ታማ ሞታለች፣ አባታቸው የት እንዳለ አይታወቅም። ትልቋ ኢፍራህ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ ትንሿ ሰሚራ አራት። ለጊዜው ከተማው ውስጥ በሚገኝ የሕፃናት ማቆያ ነበሩ።

ክፍሉን ለማዘጋጀት ሁለት ወር ፈጀብን። የእኔ የስፌት መኪናና የጨርቅ ጥቅሎች፣ የዓብዲም አሮጌ ጎማዎች ያሉበት ክፍል ነበር። ሁሉንም አስወጣሁ። ግድግዳውን ራሴ ፍቄ ራሴ ቀለም ቀባሁት። ልጅ ይወጋል ብዬ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ጣሪያው ላይ ቬንትሌተር አስገጠምኩ፤ በድሬ ሙቀት ያለ ቬንትሌተር ልጅ አስተኛለሁ ማለት ቀልድ ነው። ለመስኮቱ፣ ለደንበኛ እንኳ ስሳሳለት ከኖርኩት ጨርቅ ቆርጬ መጋረጃ ሰፋሁ። ዓብዲ ደግሞ ብረት በያጅ ጋ ሄዶ ሁለት አልጋ አሠራ፤ ቁመታቸው እኩል፣ ቀለማቸው አንድ ዓይነት ሰማያዊ። አስገብቶ ሲያበቃ በመሐላቸው እየተመላለሰ በእርምጃው ለካ። "አየሽ፣ ይበቃቸዋል" አለኝ። ይበቃቸው ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ክፍሉ ለሁለቱም ይበቃቸው ነበር።

ከዚያ ልጆቹን እንድንላመድ ተብሎ ማቆያው ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ለሰሚራ ሐልዋ ይዤላት ሄድኩ። እህቷን አይታ፣ እህቷ በዓይኗ እሺ ካለቻት በኋላ ነው የተቀበለችኝ። በሁለተኛው ቀን ስሟን ስጠይቃት እህቷን አየች። ኢፍራህ ደግሞ ወሬዋ አያልቅም። ሰሚራ ምን እንደምትበላ፣ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ፣ ምን እንደምትፈራ፣ ሳልጠይቃት ሁሉንም ዘረዘረችልኝ። በሦስተኛው ቀን ሰሚራ ስትሮጥ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ከሁሉም እኔ ነበርኩ ቅርብ። እጄን ዘረጋሁ። በአጠገቤ አልፋ "አባዮ!" እያለች ወደ እህቷ ሄደች። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። ኢፍራህ አቅፋት ጆሮዋ ላይ ቀስ እያለች ቆጠረችላት፤ ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ ኢፍራህ ቀና ብላ አየችኝ።

"ኤዶ" አለችኝ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። "ስትወድቅ እስከ ዐሥር ቁጠሪላት። ዝም ትላለች።"

ይህን የሰማች ሌላ ሴት ምን ትል ነበር? አላህ ይባርክሽ፣ ጎበዝ ልጅ ትላት ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የጠበቅሁትን ቦታ አንዲት ፍሬ ልጅ ቀድማ ተቀምጣበት አገኘኋት። እንዴት እናት እንደምሆን ልታስተምረኝ ነው? ቀናሁ። በዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ቀናሁ። ለልጅቷ አስቤ ነው፣ ሁለት ልጅ ይከብደኛል ብዬ ነው እያልኩ ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ዓመት ሞክሬአለሁ። ቅናት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ከመዘገበን ጽሕፈት ቤት ቤታችንን የምታይ ሴት እንደምትመጣ ተነገረኝ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አልጋ መኖር አለበት አሉኝ። ዓብዲ መንገድ ላይ ነበር። በጠዋት ተነሳሁና አንዱን ፍራሽ ጠቅልዬ አወጣሁ። ከዚያ አልጋውን በጎኑ አቁሜ እየጎተትኩ በበሩ አሾለክሁት። ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አኖርኩትና ፍራሹን መልሼ አሮጌ አንሶላ ጣል አደረግሁበት። በለቀቀው ቦታ የስፌት መኪናዬንና ጥቅሎቼን መልሼ ከመርኩ። ማንም አላገዘኝም፤ ማንም አላስገደደኝም። አልጋውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ድሬን ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አለብኝ። ሙቀት ሲገባ ግማሹ ከተማ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛው። ግቢ ውስጥ አልጋ አይቶ "ይህ ለምን ወጣ?" የሚል ሰው የለም። ይህን አውቄ ነው ያደረግሁት። ጎረቤት ቤት ባስቀምጠው ወሬ ይሆን ነበር። ዓይን እያየው ተደበቀልኝ።

የመጣችው ወጣት ሴት ናት፤ የአዲስ አበባ ልጅ ሳትሆን አትቀርም፣ "እርስዎ" እያለች ታናግረኛለች። እኛ ድሬዎች ሽማግሌውንም አንተ ስለምንል በሌላ ቀን ቢሆን እቀልድባት ነበር። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች፤ መጋረጃውን በእጇ ነካ አድርጋ በጣም ያምራል አለች።

"ሁለተኛ አልጋ የሚገባበት መንገድ አይኖርም?" አለችኝ።

"የስፌት መኪናዬን የት ላድርሰው? እንጀራዬ ነው" አልኳት።

ሙቀቱ ስለከበዳት ግቢ ወጣን። ኒሙ ሥር፣ ያ አልጋ ላይ ተቀመጠች። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኋት። ግማሹን ጠጥታ፣ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ አልጋው ላይ እንደተቀመጠች "አንድ ልጅ" ብላ ጻፈች። ከጎኗ ቆሜ ስትጽፍ አየኋት። የተቀመጥሽበት እኮ ነው ሁለተኛው ማለት ምን ነበረበት? አፌ ውስጥ ነበር። ዋጥኩት።

ለዓብዲ ደወልኩና ክፍሉ ለአንድ ብቻ ነው የሚበቃው ብለዋል አልኩት። "እኔ እኮ በእርምጃዬ ለክቼዋለሁ" አለ። ስመለስ ሄጄ እለምናቸዋለሁ አለኝ። እስኪመለስ ግን ኢፍራህን ሁርሶ የሚኖሩ ሰዎች ወሰዷት። መጥቶ አልጋውን ግቢ ሲያየው አንተ እንድትተኛበት ነው አልኩት። አመነኝ። ተኛበትም።

ሰሚራ የመጀመሪያዎቹን ወራት "አባዮ፣ አባዮ" ስትል ከረመች። በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጣ ትወጣለች። ሰው አይታ ትመለሳለች። ይህን እያየሁ እንኳ ወደ ጽሕፈት ቤቱ አልሄድኩም። ቤታችን ከገባች ዓመት ሲሞላት እኔን "ሆዮ" አለችኝ፣ እማዬ ማለት ነው። ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ጎረቤቶቼን ሁሉ ለስላሳ ጋበዝኩ። ደስ ብሎኛል። የሰረቅሁት ነገር መሆኑን እያወቅሁ ደስ ብሎኛል።

ኢፍራህ በየዒዱ ትመጣ ነበር። ወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ የሰጠኋትን ብቻ ትበላለች፣ ሳትሄድ በፊት የበላችበትን ሳህን ታጥባለች። ያቺ ወሬኛ ልጅ የት ሄደች? አልጠየቅሁም። የያዟት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ነገር ግን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሥራ አግዥን ብለው ትምህርቷን አስቆሟት። ሰሚራ ዘንድሮ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች። የትልቋስ ጭንቅላት ከትንሿ ያንስ ነበር? አያንስም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ኢፍራህ ልታገባ መሆኑን ልትነግረን መጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሰሚራ ወደ ሱቅ ብቅ ስትል ሁለታችን ብቻ ቀረን።

"ኤዶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?" አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። "ያኔ ያልወሰዳችሁኝ ብዙ ስላወራሁ ነው አይደል? ሰሚራን እንዲህ አድርጊያት፣ እንዲያ አድርጊያት እያልኩ አሰልችቼሽ ነው።"

ከዚያ ሌላም ነገረችኝ። ሁርሶ ከሄደች በኋላ እዚያም እንዳያባርሯት ብላ ለረጅም ጊዜ ካልጠየቋት በቀር አትናገርም ነበር።

እኔ ምን አልኳት? "አብሽሪ፣ ክፍሉ ጠቦ ነው እንጂ" አልኳት። ፊቷ ፈታ አለ። "ወላሂ ዕድሜዬን ሙሉ የእኔ ጥፋት ይመስለኝ ነበር" ብላ ሳቀች። ዐሥራ አንድ ዓመት የተሸከመችውን በውሸት አወረድኩላት። ደግሞ ልክ ነበረች። በእርግጥም ስለተናገረች ነው፤ እህቷን ስለወደደችና እንዴት እንደምትወደድ ስላሳየችኝ ነው አልጋዋን ያወጣሁት።

ልጅ አልነበርኩም፣ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። አልራበኝም፣ አልታመምኩም። ሰሚራን በደንብ አሳድገሻል የሚሉኝ አሉ። አሳድጌአታለሁ። ያ ይህን አይከፍልም። ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም፣ የእናንተ አይደለምና። ከሁለቱም እጠይቃለሁ፤ ካልሰጡኝም እውነታቸውን ነው።

ይህን የምጽፈው በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። ሰሚራ ከወዲያ ማዶ ታጠናለች። አሁን ቀና ብላ "ሆዮ፣ ምንድነው ከጠዋት ጀምሮ የምትጽፊው?" አለችኝ።

"የአንቺና የእህትሽ ነገር ነው" አልኳት። "ስጨርስ አንቺ ታነቢዋለሽ። ከዚያ ሁርሶ ይዤላት ልሂድ ብትዪ አልከለክልሽም። እዚያው እቆያለሁ ብትዪም አልከለክልሽም።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጨረስሽ?" አለችኝ።

ጨርሻለሁ።