ከእሳቱ ማዶ የተማረች

በቀረችኝ ዕድሜ እምላለሁ፤ ከዚህ በታች ካለው አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ይቺው ዕድሜዬ ነገ ጠዋት ትቆረጥ። ልጅ ሳለሁ፣ ከእንጅባራ ወጣ ባለው ደጋ፣ ብርዱ ውሻን መጮህ የሚያስረሳ ነበርና ገና ሳይመሽ ሰውም ከብትም አንድ ጣራ ስር ይገባ ነበር። ያኔ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ዳኘው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው ለዜማ ድምፅ የለህም ተብለው የተመለሱ፣ ከዚያ ወዲህ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ምንጣፍ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ድምፅ የላቸውም ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እሳቸው ተረት ሲጀምሩ ጅቡ እንኳ ከአጥሩ ስር ተጋድሞ ያደምጥ ነበር፤ አንዱ ጅብማ ፊደል እስከ «መ» ድረስ ለይቷል።

በሰፈራችን እሳት ዳር መቀመጥም ሥርዓት ነበረው። ሽማግሌው መደቡ ላይ፣ ወንዶች ልጆች ከግራና ከቀኙ፣ ሴት ልጅ ግን ከእሳቱ ማዶ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፤ እንጨት የሚያቀብል ማዶ ያለው ነውና። ማዶ የምትቀመጠው እህቴ ትርንጎ ነበረች። ነፋሱ ከኋላዋ፣ ጭሱ ከፊቷ። አያ ዳኘው አመዱን ከፍሙ ጠርገው ወደ ራሳቸው ይስቡና በመዳፋቸው ያስተካክሉታል፤ ከዚያ በቀርከሃ ስንጥር አንድ ፊደል ይጽፉበታል። እያንዳንዱ ፊደል በአገውኛ ተረት አለው። «ሀ» አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ዝናብ የሚለምን ማሰሮ ነው። «በ» እንግዳ የማይመለስበት በር ነው፤ «ጠ» ሦስት እግር ያለው በርጩማ ነው፤ ሰነፍ ተቀምጦበት ሥር ያበቀለበት። ኩራዙ ይንቀጠቀጣል፣ ፊደሉም በአመዱ ላይ የሚተነፍስ ይመስለን ነበር።

አንድ ምሽት ትርንጎ፣ «አያ፣ ማሰሮው ተደፍቷልሳ፤ ዝናቡን በምን ይቀበላል?» ብላ ጠየቀች። እኛ ወንዶቹ በሳቅ ተንከባለልን። አያ ዳኘውም ስቀው እሳቱን ቆስቁሺ አሏት።

በዚያው ሰሞን ከጥሊሊ በኩል አንድ ሰው ለልጁ ትርንጎን ጠየቀ። እህቴ ገና የወተት ጥርሷን ነቅላ አልጨረሰችም ነበር። አያ ዳኘው እንድትማር አባቴን ያዙት፤ አባቴም ሁለቱንም ላለማስቀየም መሀል መንገድ አገኘሁ አለ። ትምህርት ቤቱ ሴት ልጅ የሚቀበለው ፊደል ከለየች ነው ብለውታል። «ከለየች ትማር» አለ። «ካልለየች ለሰውዬው ቃሌን እሰጣለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ያ አመድ ዕረፍት አላገኘም። ትርንጎ እንጨቱን በአንድ እጇ እያቀበለች ሁላችንንም ቀደመችን፤ አያ ዳኘው ስንጥሩን ገና ሳያነሱ ስሙን ትጠራለች። ይቺ ልጅ እኔንም ታስተምረኛለች ይሉ ነበር። ሁልጊዜ የሚጠይቋት ግን እዚያው ማዶ እንደተቀመጠች ነው።

በፈተናው ቀን አባቴ እሷን ፈረሱ ላይ አስቀምጦ፣ እኔን ልጓም አስይዞ ወሰደን። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ሀ» ጻፈ። እህቴ አየችው፣ አየችውና «በ» አለች። «በ» ጻፈላት፤ «ሀ» አለች። «ለ»ን ጭራሽ አላወቀችውም። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ወደ አባቴ ዞሮ በትሕትና፣ «አባት፣ ልጅዎ ገና ናት» አለው።

ያኔ ትርንጎ ጀርባዋን ለመምህሩ ሰጠች፣ ጎንበስ አለች፣ በጉልበቶቿ መካከል አሾልካ ሰሌዳውን አየችው። ፊቷ ላይ ብርሃን ወጣ። ከዚያማ ማን ያስቁማት፤ በሰሌዳው ላይ ያለውን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ገበታ ሁሉ፣ ከ«ሀ» እስከ «ፐ»፣ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ለቀመችው።

አባቴ ግን ያየው ፊደሉን አልነበረም። ያየው ልጁ ለመምህር ጀርባዋን ስትሰጥ ነው። ክንዷን ይዞ ቀና አደረጋት። «እንዲህ ያለች ልጅ አላሳደግሁም» አለ። ስንመለስ ከጠያቂው ሰውዬ ቤት ጎራ አለ፤ እኔና እሷ ውጭ ፈረሱን ይዘን ቆምን። ሲወጣ ፊቱ ቀሎት ነበር።

ማታ አያ ዳኘው የሆነውን ሰሙ። ተነሥተው ማዶ፣ የእሷ ቦታ ላይ ተቀመጡና «ሀ»ን እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። መደቡ ላይ ሆኜ ጻፍኩ። እሳቸው ብዙ ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ልጅቱ አልሳተችም። ጥፋተኞቹ እዚህ ማዶ ያስቀመጥናት እኛ ነን፤ ዓለሙን ገልብጠን አሳየናት። አዙሬ ላስይዛት፣ እስከ ፋሲካ ስጠኝ።»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ አያ» አለ አባቴ።

ጥር ላይ ተዳረች። አያ ዳኘው ከዚያ በኋላ ምንጣፍ ሠሩ፤ ተረት ግን አልተናገሩም፤ አመዱንም እናቴ ጠዋት ጠዋት እንደ ማንኛውም ቤት አመድ ጠርጋ ትደፋው ጀመር።

አሁን የልጅ ልጆቼ እንጅባራ ውስጥ ፊደል ይማራሉ፤ ከየፊደሉ አጠገብ ማሰሮና በር ተሥሎላቸዋል፣ በአገውኛም ጭምር። ደግ ነው። እኔ ግን ልጅ ፊደል ሲያጠና ባየሁ ቁጥር የት ነው የተቀመጠው ብዬ ነው የምመለከተው፤ ማዶ ያለች ካለች እጇን ይዤ ወዲህ አዞራታለሁ፤ ይሄ ሽማግሌ ጃጀ ይሉኛል።

ትርንጎ አለች፤ ጥሊሊ ገበያ ድንች ትሸጣለች። ስልክ ሲሰጧት ዘቅዝቃ ነው የምትይዘው። ልጆቿ «እማ ፊደል አታውቅም» እያሉ ይስቁና ቀና ያደርጉላታል። ያን ጊዜ እውነትም ማንበብ ያቅታታል።

እንግዲህ ምያለሁና ከተናገርኩት አንዲት ነገር ላርም፤ ጅቡን አይደለም፣ ጅቡ እውነት ነው። እስከ «ፐ» አነበበች ያልኩት ግን የኔ ጭማሪ ነው። ጎንበስ ብላ ሦስተኛው ፊደል ላይ ስትደርስ ነው አባቴ ክንዷን የያዘው። የቀረውን ሁሉ ያስነበብኳት እኔ ነኝ።