አንዴ የተደረገ ምርመራ

ወልቂጤ በተከራየንበት ግቢ ሁለት ነፍሰ ጡሮች ነበርን። እኔ ባለቤቴ በመምህርነት ሲዛወር ተከትዬው ከጎጃም የመጣሁ፣ እሷ ደግሞ የእምድብር ልጅ፤ ባሏ አዲስ አበባ ይነግዳል። ጤና ጣቢያ ለክትትል የምንሄደው አብረን ነበር። መጀመሪያ ስንሄድ ሁለታችንም ደም ሰጠን፤ ሁለታችንም ከኤች አይ ቪ ነፃ ተባልን።

«ባሎቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እናንተም መውለጃችሁ ሲቃረብ በድጋሚ ትመረመራላችሁ» አለችን ሲስተሯ።

ጎረቤቴ ስለ ኤች አይ ቪ ከእኔ በተሻለ ታውቃለች። ተማሪ ሳለች በፀረ ኤድስ ክበባቸው ድራማ ትሠራ ነበር፤ በእርግዝና፣ በምጥና በጡት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ በቃሏ ትለዋለች።

«አንዴ ነፃ ነሽ ተብያለሁ፤ ደግሞ ምን ያስፈልገኛል?» አለችኝ መንገድ ላይ። «እሱንስ ምን ብዬ ልጠይቀው? ጠረጠርሽኝ ወይ ቢለኝስ?»

ባሏ ለመስቀል መጣና አገር ቤት ይዟት ሄደ። እናቷ ዘንድ ቆይታ እዚያው ሴት ልጅ ወለደች፤ ከታረሰች በኋላ ወደ ግቢያችን ተመለሰች። የእሷ ድጋሚ ምርመራ በዚያው ቀረ።

ልጅቷ ዓመት ሊሞላት ሲል መክሳት ጀመረች። ተቅማጡ ተወት ያደርጋትና ይመለሳል። ጥርስ ነው አሉ፤ ቡዳ ነው ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሁለቱም ደም ሰጡ፤ የእናትየው ውጤት ወዲያውኑ ታወቀ፤ የሕፃኗ ሳምንታት ቆይቶ መጣ። ሁለቱም ላይ ቫይረሱ ተገኘ።

ጎረቤቴ ልጇን አቀበለችኝና የጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«ስመረመር እኮ ነፃ ነበርኩ» አለች። «ኋላ እንደያዘኝ ባውቅ መድኃኒቱን እወስድላት ነበር።»

ባሏም ተጠርቶ ተመረመረ፤ እሱም አለበት። መቼ እንደያዘው አያውቅም። ጠብ ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ከቤታቸው ግን ድምፅ አልተሰማም። ሦስቱም መድኃኒት ጀመሩ።

ልጅቷ አገግማ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች። «ጓደኞቼ የማይወስዱትን መድኃኒት እኔ ለምን እወስዳለሁ?» ስትል እናቷ «እንድታድጊ ነዋ» ትላታለች።

ከዓመታት በኋላ ጎረቤቴ ወንድ ልጅ ወለደች። በእርግዝናዋም፣ ስታጠባም መድኃኒቷን አላቋረጠችም። ጡት ከተወ በኋላ ተመርምሮ ነፃ መሆኑ የተነገራት ዕለት እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ቤቷ ገባሁ። ልጁን ታቅፋ ታለቅሳለች።

«ያኔ ድጋሚ ብመረመር እሷም እንዲህ ትሆን ነበር» አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።