ትርንጎ ስለ ግንቡ የጠየቀችኝ

ግንብ ሥራ የገባሁ ቀን አስተማሪዬ ጋሽ ወርቁ መዶሻ ሰጥተው ከድንጋይ ክምር ፊት አስቀመጡኝ። «እየመታህ ስማ። ጥርት ብሎ የሚጮኸውን በዚህ፣ ድምፁ የታፈነውን በዚያ» አሉኝ። የታፈነው ውስጡ ስንጥቅ አለው። ቀኑን ሙሉ እሱኑ ስለይ ዋልሁ። ለምን ብሎ መጠየቅ በእኛ ጊዜ ጥጋብ ነበር።

ከጉልበት ሠራተኛነት ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ግንበኛ፣ በመጨረሻም ፎርማን ሆንሁ። ላሊበላ ውስጥ ቱንቢዬ ያልተንጠለጠለበት የሆቴል ግቢ ጥቂት ነው። ይህን ስል ትንሽ መኩራራቴ ነው፤ ጡረታ ለወጣ ሰው ይፈቀዳል።

እትዬ አበቡ በሚባሉ ባለሆቴል ግቢ ስሠራ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። ተማሪዎቻችን ለሁለት ሳምንት ሥራ ይለማመዱ ይላል። እትዬ አበቡ «አሸዋ ይንፉ፣ ድንጋይ ያቀብሉ፤ ሲጨርሱ ወረቀታቸውን ፈርምላቸው» አሉኝ። እንደተባልሁት አደረግሁ። «ግንብ ሥራ ተምረዋል» ከሚለው ሥር ፈረምሁ።

ሳምንት ሳይሞላ የፊዚክስ አስተማሪያቸው መምህር አያሌው ወረቀቶቹን ይዞ መጣ።

«ጋሼ ሞላ፣ ልጆቹን ጠየቅኋቸው። የተማሩት አሸዋ መንፋት ብቻ ነው።»

«ታዲያ አሸዋ ሳይነፋ ግንብ አለ?»

«የለም። ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? እርስዎ ዝም ብለው ጠመጠሙላቸው።»

ተናደድሁ፤ ደግሞም አፈርሁ። እሱ ግን ለጠብ አልመጣም። በሚቀጥለው ዙር አንዲት ተማሪ ልላክ፤ አንዱን ሥራ ከመሠረቱ እስከ ፍጻሜው ትከታተል፤ እርስዎ ያልመለሱላትን ጥያቄ ወደ ክፍል ታምጣው አለኝ። እያጉረመረምሁ እሺ አልሁ።

የመጣችው ትርንጎ ነበረች፤ ከአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ ያሉ ገበሬዎች ልጅ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ያን ጊዜ የአፈር መያዣ ግንብ እያቆምን ነው። ከላይ ዳገቱ፣ ከታች የሆቴሉ ሠራተኞች መኝታ ቤት። ክረምት ሊገባ ነው፤ ግንቡ ቢናድ የሚወድቀው በተኛ ሰው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ግንቡን ለምንድን ነው ወደ ዳገቱ የሚያጋድሉት?»

«አስተማሪዬ እንዲህ ነው ያሳዩኝ።»

«እሳቸውስ ለምን እንዲህ አሉ?»

ዕድሜ ልኬን አጋድዬ ስሠራ ምክንያቱን አላውቀውም። «አላውቅም፤ መምህርሽን ጠይቂልኝ» አልኋት። ይህን መናገር የማዕዘን ድንጋይ ከማንሳት ከበደኝ።

ሰኞ ደብተሯን ይዛ መጣች። ክፍሉ ሁሉ ሰሌዳ ላይ ሠርቶታል። አፈሩ ግንቡን ሲገፋ በቀስት ተሥሏል፤ ያጋደለው ግንብ ደግሞ በገዛ ክብደቱ መልሶ ይገፋል። ከዚያ አንድ ትልቅ ቀስት አሳየችኝ። «ይሄ አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ነው። ጋሼ፣ ውኃው በየት ይወጣል?»

ቀዳዳ ትቼለት ነበር። እትዬ አበቡ ቆሻሻ ውኃ ቀለሙን ያበላሻል ብለው አስደፈኑኝ። እጄ የሚያውቀውን አፌ ስለማያውቀው አልተከራከርሁም። አሁን ግን ምክንያቱን ደብተሩ ላይ አየሁት። ስንት ዘመን በጨለማ ስዳስሰው የኖርሁትን ነገር ይህች ልጅ በእርሳስ አወጣችው! አምላኬ ሆይ፣ ዕውቀት እንዲህም ቅርብ ኖሯል አልሁ።

ተያይዘን ወደ እትዬ አበቡ ሄድን።

«የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ናት ግንብ የምታስተምርህ?»

«አዎን እትዬ፣ እሷ ናት። ቀዳዳው የማይከፈት ከሆነ ሌላ ፎርማን ይፈልጉ።»

ትርንጎ ቀስቶቹን አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ኧረ በላሊበላ! ክፈተውና ገላግለኝ» አሉ።

ሐምሌ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ስንደርስ ከየቀዳዳው ድፍርስ ውኃ ይንዶለዶላል። ግንቡ ንቅንቅ አላለም። ሠራተኞቹ ከመኝታቸው ወጥተው ፊታቸውን ይታጠባሉ። ያን ውኃ ቆሜ ሳይ እንባዬ መጣ። እትዬ አበቡ ጃንጥላቸውን እንደያዙ ለመምህር አያሌው ስልክ ደወሉ፤ ሰላምታም አላስቀደሙ። «ለመጪው ዓመት ሁለት ልጆች ላክልኝ፤ የሚጠይቁትን።»

በዚያ ክረምት፣ በየሆቴሉ ታዝዤ የደፈንኋቸውን ቀዳዳዎች እየዞርሁ አስከፈትሁ። ለባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። ተማሪ የማታውቁትን ሲጠይቃችሁ አላውቅም በሉት፤ ጥያቄውንም አስይዛችሁ ወደ መምህሩ ላኩት። መልሱ ለእናንተም ያስፈልጋችኋል።