የሐኪሙ ጓደኛ

«ትኩር ብለሽ አትዪው፣ እሱም መልሶ ያይሻል» አለችኝ እህቴ ትርንጎ፣ ፊቴን በሁለት እጇ ጥፍር አድርጋ ይዛ በግድ ወደ ግድግዳው ሥዕል እያዞረች። ዛሬም የዱቄት ሙጫ ሲሸተኝ ያ ግድግዳ ፊቴ ላይ ይደቀንብኛል። አባዬ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ስለነበር፣ አይጥ የበላቸውን መጻሕፍት እየለመነ ያመጣና፣ ክረምት ሳይገባ ነፋስ በሚያሾልከው ግድግዳችን ላይ ገጽ በገጽ ይለጥፍ ነበር። ከመኝታችን ራስጌ የተለጠፈው ከአንድ የእንግሊዝ መጽሐፍ የወጣ ሥዕል ነው፤ ቦርጫም ሐኪም አልጋ ላይ ለተጋደመ በሽተኛ መድኃኒት በማንኪያ ያጎርሳል፣ ከኋላው ሥጋ የሌለው አጽም ሽርጥ አገልድሞ፣ ጥርሱን አግጥጦ እየሳቀ፣ መድኃኒቱን በሙቀጫ ይወቅጥለታል።

ፊደል ያልቆጠረው አባዬ አጽሙን በጾም የከሳ ባሕታዊ መስሎት፣ «ተዉት፣ ቤት ይጠብቃል» ብሎ ማንም እንዳይነካው ከለከለ። አምስተኛ ክፍል የደረሰችው ትርንጎ ግን፣ «ባሕታዊ እንዲህ ይስቃል እንዴ? ሞት ነው እንጂ። ሐኪም የሄደበት ሁሉ ይከተላል» ትለኝ ነበር፣ እኔ ስንቀጠቀጥ እሷ እየተንከተከተች።

ክረምቱን ሙሉ፣ ጉሙ ከጓሳ ተራራ ወርዶ ቤታችንን ሲውጠው፣ ነጠላዬን ተከናንቤ የትርንጎ ጀርባ ላይ ተለጥፌ እተኛ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ እኛ የጤና ኬላዋ ልጅ የምንላት፣ ሕፃናት ለመከተብ ወደ መንደራችን ብቅ ስትል፣ እሷን ትቼ ከኋላዋ ያለውን መንገድ አይ ነበር። «ምን ጠፋብሽ?» ብላ ዘወር ስትል እግሬ አውጪኝ እላለሁ።

ኅዳር ላይ፣ ገብሱ እየታጨደ ሳለ፣ ትርንጎን ትኩሳት ያዛት፤ በማግስቱ ጠዋት አንገቷ አልታጠፍ ብሎ፣ ብርሃን እያሳመማት ትጮህ ጀመር። አባዬ «ሩጪ፣ የጤና ኬላዋን ልጅ ቶሎ ድረሽ በያት» አለኝ። ሮጥኩ። በሩ ክፍት ነበር። ልጅቱ ነጭ ጋዎኗን እንደለበሰች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ለአንዲት እናት ሕፃን ክኒን በብርጭቆ ቂጥ እያደቀቀች ትስቅ ነበር። የሥዕሉ አጽም ትዝ አለኝ። ይዣት ብሄድ ማን ተከትሏት እንደሚገባ አውቃለሁና፣ ድምፅ ሳላሰማ ተመለስኩ።

«ዘግታለች» አልኩት አባዬን። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እህቴን ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሷትና መሐል ሜዳ ሆስፒታል ገባች። ተረፈች፣ ጆሮዋ ግን እስከ ወዲያኛው ተደፈነ። ሐኪሙ «ማጅራት ገትር ነው፤ ትናንት ብታመጧት ጥሩ ነበር» ሲለው፣ አባዬ «ጤና ኬላው ተዘግቶብን ነው» ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲያ ያቺን ልጅ ሰላም ብሏት አያውቅም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ እሷ ከገባች እሱ ተነስቶ ይወጣል።

መሐል ሜዳ አስራ አንደኛ ክፍል ስማር፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን የዚያኑ ዓይነት ሥዕል በስልኩ አሳየን። «ቀልድ ነው እኮ» አለ፤ «የድሮ እንግሊዞች ሐኪሞቻቸው ሲያማርሯቸው፣ ሞትን የሐኪም ረዳት አድርገው እየሣሉ ይስቁባቸው ነበር።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አስፈቅጄ ወጣሁ።

አሁን ግድግዳችን ኖራ ተቀብቷል፣ ትርንጎም የበግ ጠጉር እየፈተለች ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ሠሪዎች ትሸጣለች። ያኔ አጽሙን እፈራ ነበር፤ አሁን የምፈራው ትርንጎን ነው። ባለፈው ቅዳሜ፣ በምንጻጻፍበት ደብተር ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «ጤና ኬላው ክፍት ነበር። ልጅቱም ነበረች። ሥዕሉን ፈርቼ ሳልጠራት ተመለስኩ።»

እንዝርቷን አስቀምጣ አነበበች። ደግማ አነበበች። «እኔው ነኝ ያስፈራራሁሽ» ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ገጹን ቀድዳ እጄ ላይ አደረገችና፣ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ደጅ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ለአባዬ አንብቢለት» አለች።

አባዬ ደጅ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።