ጭራዋ ሜክሲኮ የቀረባት ጣዎስ

ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ የፊደል ስህተቴንም እለፉልኝ፤ ስምንተኛን የጨረስኩት እንደ ምንም ነው።

የጥልፍ ሞዴሎቼን በፌስታል ለይቼ ነው የማስቀምጠው፤ አበባው ለብቻ፣ ወፉ ለብቻ። ሁሉም፣ ሰው ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ እያፈርኩ፣ የሶፋ ልብሱን ክር ቆጥሬ ባለካሬ ወረቀት ላይ የገለበጥኳቸው ናቸው። ለእህቴ ሽማግሌ ሊመጣ ስለነበር፣ ለሶፋ ልብሱ ጣዎስ ጀመርኩ። ጉትዬዋንና አንገቷን እንደጨረስኩ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሞዴሉን «ለዛሬ ብቻ» ብለው ወሰዱት።

ሳምንት ጠብቄ ሄድኩ።

«ያ ጭርንቁስ ወረቀት? ከአሮጌ ደብተር ጋር ለቆሎ ሻጯ ሰጠሁት እኮ» አሉኝ።

ብሎካችን በር ላይ ወዳለችው ቆሎ ሻጭ ሮጥኩ። ከቆሎ ጥቅሎቿ አንዱን ስፈታ የጣዎሷ ሆድ ወጣ።

«ጭራዋስ?» አልኳት።

«አንዱ ቆሎውን እየቆረጠመ የሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ ገባ» አለች።

ምን ላድርግ? ተናድጄ ከሆዷ ቀጥሎ አጭር ጭራ ቀጠልኩላት።

ሽማግሌዎቹ በመጡበት ቀን እትዬ ዘነበች ሶፋውን ዳሰስ አደረጉና «ውይ፣ ጉትዬ ያላት ርግብ! እንዲህ ያለውን ትደብቂናለሽ? ሞዴሏን አውሺኝ» አሉኝ።

አሁን ብሎኩ ሁሉ ርግቧን ጠልፏታል። ጣዎስ መሆኗን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።