ለሁለት ሰው የሚሆን ማርሽ

አባቴ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ካደረገ በኋላ ብስክሌቱን እንዲሸጥ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ይባስ ብሎ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ገዝቶ መጣና "ግጠምልኝ" አለኝ። ሥራዬ ብየዳ ስለሆነ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር ብስክሌቱን ገልብጠን ጀመርን።

ሞተሩ የሚገፋው በብስክሌቱ በራሱ ካቴና ነው፤ ስለዚህ ማርሹ ከእግር አልፎ ለሞተሩም ይሠራል። የኋላው ጥርስ ሲበዛ ብስክሌቱ ቀስ እያለ ዳገት ይወጣል፤ ሲያንስ ሜዳ ላይ ይፈጥናል። እኔ ከኋላ ማርሽ ስብስቦቹ፣ ትልቁ ሃያ ስምንት ጥርስ ያለውን መረጥኩ። አባቴ ሠላሳ አራት ጥርስ ያለውን እያገላበጠ፣ "ይኸኛውስ?" አለ።

"አባዬ፣ አንተ ቀላል ሰው ነህ። ምን ያደርግልሃል?"

"እሺ፣ ያልከው ይሁን።"

በማግስቱ ወደ ጌጃ ሰፈር የሚወስደውን ዳገት ሊሞክር ሲወጣ ኋላው ላይ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አስሯል። ገርሞኝ ተከተልኩት። ዳገቱን ሳያጋምስ ሞተሩ አቃሰተ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፣ ቆመ።

"ይህን ጤፍ ወዴት ልታደርሰው ነው?"

"ጤፍ አይደለም" አለ ላቡን እየጠረገ። "እናትህ ናት።"

እናቴ ከታመመች ወዲህ አንድ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ጌጃ ሰፈር ያለችው እህቷ ቤት ደግሞ መኪና በማይገባበት ቅያስ ውስጥ ነው። እህትማማቾቹ በስልክ ብቻ የሚገናኙ ሆኑ። አባቴ ይህን ሲያሰላስል ከርሞ ለማንም አልተናገረም።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳልን ባለ ሠላሳ አራት ጥርሱን ማርሽ ገጠምን፤ ካቴናውንም አስረዘምነው። ለኋላው መቀመጫ መደገፊያና የእግር መርገጫ በየድኩለት። እናቴ ስታየው፣ "እኔን በዚህ? ሰው ምን ይለኛል?" አለች። ቢሆንም ነጠላዋን አጥብቃ አስራ ተቀመጠች።

ዳገቱ ላይ አባቴ ወደ ትልቁ ማርሽ ለወጠ። ሞተሩ ድምፁ ሳይከብድ ወጣ። እኔ ጎን ለጎን በእግሬ እየሄድኩ ነበር፤ እሷ ግን ጃኬቱን ጨምድዳ "ኧረ ቀስ በል!" ትላለች።

አክስቴ በር ከፍታ ስታያት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ተቃቅፈው ቆዩ። ሲመሻሽ አባቴ "እንሂድ" ቢላት፣ እናቴ ከፍራሹ ላይ ሳትነሳ "እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ አድራለሁ" አለች።

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። ቁልቁለቱን ብቻውን፣ ፍሬን እየያዘ ወረደ።